ጠብ የማይል ዕውቀት

ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ጨው መሆን ነበረበት፤ ሻላን ማየት ነው። የእኛው ግን ጨው አልሆነም። የዘርፉ ሰዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ውኃው ጨውን ይዞ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ይወጣል ይላሉ። አያችሁ፣ ሐይቁ እንኳን ያፈስሳል። ከእኛ የምርምር ቡድን ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

ይህን የምለው በኩራት ነው። አምስት ሆነን የሐይቁን ውኃ እናጠናለን። (የዩኒቨርሲቲያችን ስም ይቆየን።) ፕሮፖዛሉ ላይ "በጋራ" የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ቆጥሬዋለሁ፤ ዳታ እየጠበቅኩ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ዳታው ያለው ዋና ተመራማሪያችን ፍላሽ ውስጥ ነው። ፍላሿ ከመኪና ቁልፋቸው ጋር ታስራ ወገባቸው ላይ ትንጠለጠላለች። ጥንቃቄያቸው ያስቀናል። በሩን አንኳኩቼ ስገባ የላፕቶፓቸው ክዳን ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። አይዘጋም፤ መዝጋትማ ነውር ነው። ለእሳቸው የምታሳይ፣ ለእኔ የምትጋርድ አንዲት ልክ አለች። እዚያች ላይ ይቆማል። በአንድ ቀን የሚለመድ ሙያ አይደለም።

"ዶክተር፣ የመጋቢቱን ንባብ ቢልኩልኝ?"

"እልክልሃለሁ የኔ ጌታ። ትንሽ ላጽዳውና።"

መጽዳት ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ጤፍ እንኳ ይህን ያህል አይነፋም።

ካናዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ዕውቀት መደበቅን በሦስት ከፍለውታል፦ እሰጣለሁ እያሉ ማጓተት፣ የማያውቁ መስሎ መቅረት፣ ምክንያት ደርድሮ መከልከል። ምነው እኛ ጋ በመጡ! ሦስቱንም ከአንድ ሰው፣ ባንድ ጠዋት፣ ቡናው ሳይፈላ ሰምተው ይሄዱ ነበር።

የዋሆችም አሉ መቼም። እ.ኤ.አ. በ1996 የሰውን ጂኖም (ሙሉውን የዘር መረጃ) የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች በርሙዳ ተሰብስበው፣ ያነበብነውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም እንልቀቅ ብለው ተስማሙ። እኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሜይል "ደርሶኛል" አንልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በእኛው ሀገር፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል ፖሊሲ ወጣ። ላነበው ፈልጌ ጠየቅኩ። አንድ ባልደረባዬ ኮፒው አለው። እልክልሃለሁ ብሎኛል።

ስስታሞች እንዳንመስላችሁ ታዲያ። አርብ አርብ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደን ከአንድ ሰሃን ዓሣ እንበላለን። እንጎራረሳለን። ዶክተር እሾሁን በጣታቸው ለቅመው ነው የሚያጎርሱኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው አጠገባችን ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። እኔም አብሬያቸው የመጋቢቱን ንባብ እጠብቃለሁ። እነሱ ግን አንዳንዴ ይደርሳቸዋል።

ከሁላችን የሚበልጡት የላብራቶሪያችን ቴክኒሺያን ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። የውኃውን ጨዋማነት የሚለካው መሣሪያ ሲያስቸግር በየት በኩል መታ መታ ተደርጎ፣ ስንት ደቂቃ ተጠብቆ እንደሚነበብ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። ማኑዋሉ ላይ የለም። አስተምሩን ስንላቸው ይስቃሉ። ድሮ አንድ ጽሑፍ ጆርናል ላይ ወጥቶ ነበር፤ ናሙናውን በጀልባ እየሄዱ የቀዱትም፣ የለኩትም እሳቸው ናቸው። ከጸሐፊዎቹ መሀል አልተጠሩም። ስማቸው መጨረሻ ላይ ምስጋናው ውስጥ ገባ፣ የአባታቸው ስም ተሳስቶ። ጋሼ አልተቆጡም። ዝም አይነቅዝም አሉና ዝም አሉ። አምና ጡረታ ወጡ። መሣሪያው የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ እናስጎበኘዋለን።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። የሪፖርት ቀን ደርሶባቸዋል። የውኃውን ሙቀት የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

"የኔ ጌታ፣ ያቺን የሙቀት ሠንጠረዥ ብትልክልኝ?"

እጄ ሳላዘው ላፕቶፔ ክዳን ላይ ሄደ። ቀስ አድርጌ ዝቅ አደረግኩት። ልኳን አገኘኋት።

"እልክልዎታለሁ ዶክተር። ትንሽ ላጽዳውና።"