መስኮቱን ተዉልኝ

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ የአኳሪየሜን፣ የዓሣ ገንዳዬን፣ ፒኤች አየሁት። ፒኤች የውሃውን አሲድነት የሚናገር ቁጥር ነው፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው። 7.68 ይላል። ማታ ስተኛ 7.95 ነበር። መስኮቱን አንድ ስንዝር ያህል ከፍቼ ነው የተኛሁት። ስነሳ ተዘግቷል። መዘጋት ብቻ አይደለም፣ የታችኛው ክፍተት በፎጣ ተወትፏል። ገና አፌን ሳልከፍት እማዬ "ብርድ ሊገድለን ነው እንዴ?" አለችኝ።

ብሶቴ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት መስኮት ከፍቶ ማደር አልቻልኩም።

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት። ሳሎኑ ጥግ ላይ 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ባሕር የለንምና ባሕሩን ራሴ ነኝ የምበጠብጠው። በተጣራ ውሃ ላይ ለየሊትሩ 35 ግራም ገደማ ጨው። የወጥ ጨው አይደለም፣ ካልሲየሙም ማግኒዥየሙም ያለበት፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው ነው። ውስጡ ሁለት ክላውን ፊሽ፣ ቀንድ አውጣዎችና ከጣት የማይበልጡ ኮራሎች፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ አጥንት የሚሠሩ የባሕር እንስሳት፣ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ነው ያሳደግኳቸው።

የባሕር ውሃ ፒኤች 8.1 አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው መሀል ከቆየ ደስ ይለኛል። "ከ8 ወደ 7.7 ቢወርድ ምን አለበት?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አለበት እንጂ! የፒኤች ቁጥር እንደ ኪሎ አይቆጠርም። በ0.3 ሲወርድ የውሃው አሲድነት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየሳበ ነው። ውሃው ወደ አሲድነት ባዘነበለ ቁጥር ካርቦኔቱ ያንሳል። ያኔ ኮራሉ ባይሞትም እድገቱ ይቀንሳል።

አሲዱ ከየት መጣ? ከኛው ትንፋሽ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ውጭ ያለው አየር ውስጥ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው። አራት ሰው የተኛበት፣ በሩም መስኮቱም የተጠረቀመ ቤት ግን ከ1000 በላይ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። አኳሪየሙ ላይ ያለው ስኪመር፣ ውሃውን በአረፋ የሚያጣራው መሣሪያ፣ ደግሞ ቀኑንም ሌሊቱንም አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ይነፋል። የቤቱ አየር የታፈነ ከሆነ የሚነፋው ያንኑ የታፈነ አየር ነው።

ሌሊት ትንሽ መውረዱ አይከፋኝም። መብራቱ ሲጠፋ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሳቡን ያቆማል። ዓሣው፣ ኮራሉና ባክቴሪያው ግን ይተነፍሳሉ። ለዚህ ነው ዝቅተኛው ቁጥር ሁሌም ሊነጋጋ ሲል የሚታየው። ግን መስኮቱ ክፍት ያደረ ቀን ከ7.85 ወርዶብኝ አያውቅም። ልዩነቱ ያ ፎጣ ነው።

ይህን ለማወቅ ስንት ብር አወጣሁ መሰላችሁ። የአኳሪየም ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ሄጄ ችግሬን ስነግረው ሻጩ አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቀኝም። ቤትሽ ስንት ሰው አለ? መስኮት ትከፍቻለሽ? አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ ለክተሻል? የለም። "ይሄ ፒኤች ያሳድግልሻል" ብሎ ዱቄት ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ገዛሁ። ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ይልና ተመልሶ እዚያው። ከፍ ብሎ የቀረው አልካሊኒቲው ነው፣ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያው ከ8 ተነስቶ 12 ደረሰ። የአንዱ ኮራሌ ጫፍ ነጣ። ያኔ ነው የተናደድኩት። ውሃው ምንም አልጎደለውም ነበር። የታመመው የቤቱ አየር ነው፣ እኔ ግን መድኃኒቱን ለውሃው እሰጣለሁ።

እውነቱን የነገረኝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከአኳሪየሙ ቀዳሁና ለካሁት፣ 7.72። በረንዳ ላይ አውጥቼ ትንሿን የአየር ፓምፕ አስገባሁበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አጠገቡ ቆምኩ። መልሼ ስለካው 8.15! ምንም አልጨመርኩም። ንጹሕ አየር ብቻ። እዚያው በረንዳው ላይ እንባዬ መጣ። ይህን ሙከራ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሁሉ ዱቄት ከመግዛቱ በፊት ይሞክረው። በረንዳ ላይ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የቤቱ አየር ነው።

ደግሞ የሚያንገበግበኝ፣ እኛ በዚህ ነገር የታደልን ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ላይ የሚጫነው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው ልክ ያንሳል። ክፍት አየር ላይ ያለ የጨው ውሃ እዚህ ፒኤቹ ትንሽ ከፍ ማለት ነው ያለበት። ኦክስጅኑም ያንኑ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ውሃው አየር እንዲያገኝ ማድረግ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። በነጻ የተሰጠንን አየር በፎጣ ወትፈን ዱቄት እንገዛለን።

ስለ እሁድ ቡና ልንገራችሁ። ቡና እወዳለሁ፣ ጎረቤት መሰብሰቡንም እወዳለሁ። ባለፈው እሁድ ስምንት ሰው ሳሎናችን ገባ። ከሰሉ ተቀጣጠለ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ የማየው ፒኤች ሜትሩን ነው። ቡናው ሲቆላ 7.91። አቦል ሲቀዳ 7.82። ቶና ላይ 7.74። በረካ ተጠጥቶ ሰው ሲነሳ 7.63። ክላውኖቹ ወደ ውሃው አናት ወጥተው በፍጥነት ይተነፍሳሉ። መስኮቱን ልከፍት ስነሳ አንዲት ጎረቤታችን "ተይ ልጄ፣ ላብ አልቦናል፣ ይመታናል" ብለው እጄን ያዙኝ። እሳቸውን ገፍቼ አልከፍትም። ዓሦቹም እንደዚያ ሆነው ዝም ማለት አልችልም። እና ዓሣውን ተዉት፣ ከሰል የታፈነ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ዓሦቼ ሲጨነቁ ያን ቀን ስለ ሰዎቹም ነው የፈራሁት።

ታክሲውም ያው ነው። ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ዝናብ ነበር። መስታወቱ በትንፋሽ ጤዛ ለብሷል፣ ውጭው አይታይም። አንድ ልጅ ትንሽ ከፈት ሲያደርገው ከኋላ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ "ዝጋው!" አለ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ መስኮት ክፈቱ ሲባል ከፍተን ነበር እኮ! ያኔ ብርዱ የት ሄዶ ነበር?

አቧራ አለ የሚለኝ ሰው ልክ ነው። በየቦታው ይቆፈራል፣ ይፈርሳል። ለእሱ ወንፊት መስኮቱ ላይ አድርጌያለሁ።

ሌላ መፍትሔ የለም ወይ? አለ። ሶዳ ላይም የሚባል ጠጠር አለ፣ ስኪመሩ የሚስበው አየር በእሱ በኩል ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል። ግን ያልቃል፣ እንደገና መፈለግ ነው፣ እዚህ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ንጹሕ የኖራ ውሃ ሌሊት ጠብ ጠብ ማድረግም ይረዳል። የግድግዳ ኖራ ግን እንዳትሞክሩ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። የኖራ ውሃ ራሱ ፒኤቹ 12 ያልፋል፣ አንዴ ከተደፋ ሁሉንም ይጨርሳል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ስኪመሩም ይቆማል፣ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ይዤ ነው የማድረው።

ከሁሉም የረከሰው አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ከስኪመሩ አየር መሳቢያ ተነስቶ በመስኮቱ በኩል ውጭ ይወጣል፣ ቤቱ ምንም ቢታፈን ስኪመሩ የውጭ አየር ይስባል። ሁለት ሜትር ቱቦ ነው። የሚፈልገው የጣት ስፋት ክፍተት ብቻ። ትናንት ማታ ከነክፍተቱ በፎጣ የታነቀው ያ ቱቦ ነው።

ጠዋት እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ ፒኤች ሜትሩን አሳየኋት። ፎጣውን አወጣሁ፣ ቱቦውን አቃናሁ። ቁጥሩ ሲቀየር አብራኝ አየች። 7.68። ቆይቶ 7.74። ሦስት ሰዓት ላይ 7.88። "እነሱም ታፍነው ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም ብላ ተነሳችና ጋቢዋን ደርባ ተመልሳ ተቀመጠች። ይህን ስጽፍ መስኮቱ ክፍት ነው።