እናንተ ጋ አለ?

ዕቃው የተገዛው መርካቶ ነው። ሻጩን ልጅ «ዲቫይደር ፈልጌ ነበር» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዲቫይደር እኮ የድሮ ዕቃ ነው። ስማርት አለሎት» አለኝ።

አራት ሶኬት አለው። ጎኑ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። በስልክ ነው የሚታዘዘው። «ዱባይ ሆነው ቤትዎ ያለውን ቴሌቪዥን ያጠፋሉ» አለኝ ልጁ። ዱባይ ሄጄ አላውቅም። የመሄድ ሐሳብም የለኝም። ግን ድንገት ሄጄ ቴሌቪዥኑ በርቶ ቢቀርስ? ስድስት ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

እውነቱን ልናገር። ቤቴ ውስጥ የሚታዘዘኝ አጥቼ ነው።

አባቴ ይህ ችግር አልነበረበትም። አባቴ እኔ ነበርኩለት። ቴሌቪዥን አገራችን በ1957 ዓ.ም. ቢገባም እኛ ቤት የገባው ግን እኔ ሮጬ ማዞሪያው ጋ መድረስ ስችል ነው። ሪሞት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሪሞቱ እኔ ነኝ። ድምፅ ጨምር ሲሉኝ እጨምራለሁ። ዜና ሲያልቅ አጠፋለሁ፣ ዳንቴሉንም መልሼ አለብሳለሁ። አንቴና ለማዞር ጣራ ላይ የምወጣውም እኔው ነኝ። «አሁንስ?» እላለሁ ከላይ። «መጣ! መጣ!... ኧረ ሄደ!» ይላሉ ከታች። ዋይፋይ አልፈልግም ነበር። ቻርጅም ቢሆን፣ አንድ ቁንጥጫ ሁለት ቀን ያሠራኝ ነበር።

የኔን ልጅ «አጥፋው» ስለው «አንድ ደቂቃ ባባ» ይለኛል። ደቂቃዋ እስካሁን አላለቀችም።

እናም አንድ ቅዳሜ ማለዳ አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ። ስሜን ጠየቀኝ፣ አገሬን ጠየቀኝ፣ ያለሁበትን ቦታ ጠየቀኝ፣ ቤቴ ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቀኝ። ለሚስቴ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅሁም። ከዚያ ዋይፋዩን አላየሁም ብሎ ድርቅ አለ። የኛ ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው። ባለ 2.4ቱ ቀሰስተኛ ነው፣ ግን ግድግዳ አይበግረውም። ዕቃው የሚያውቀው ቀሰስተኛውን ብቻ ነው። ይቺን ለማወቅ ቅዳሜዬ አለቀች።

ማታ ላይ ተግባቡ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ያያል። ጣቴን ስልኬ ላይ አሳረፍኩ። «ቀጭ» የምትል ድምፅ ተሰማች፤ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ሚስቴ፣ ልጄ፣ አማቴ፣ ወንድሜ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። በአሥራ አራት ዓመት ትዳሬ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዩኝ ያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ያጠፋችኝ አንዲት ገጽ ናት። አፑ እያንዳንዱ ሶኬት ስንት ዋት እንደሚበላ ይናገራል። ስልኬን ከፍቼ ፌስቡክ ማየት ትቼ ዋት ማየት ጀመርኩ። አንድ ሌሊት ጉድ አገኘሁ። ዲኮደሩ ጠፍቶ፣ ቀይ መብራቱን ብቻ አብርቶ፣ 10 ዋት ይበላል። ወረቀት አወጣሁ። 10 ዋት በ24 ሰዓት፣ በ30 ቀን፤ በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት! አውሮፓውያን አብዛኛው የቤት ዕቃ ያለ ሥራ ተሰክቶ ሲቀመጥ ከግማሽ ዋት በላይ እንዳይበላ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከልክለዋል። እነሱ ለግማሽ ዋት ሕግ ሲያወጡ እኔ በገዛ ሳሎኔ አሥር ዋት ስቀልብ ኖሬያለሁ።

ራት ላይ ጉዳዩን አነሣሁ።

«ችግሩ ተኝቶ የሚበላው ነው» አልኩ። «ሥራ አይሠራም። ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ ሌት ተቀን ይበላል።»

ሚስቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ሶፋው ላይ ወደተጋደመው ወንድሜ ዞር አለች።

«ታዲያ ከእሱ እንጀምራ።»

ወንድሜ ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ሁለት ዓመቱ ነው። ትራሱን አስተካከለ እንጂ ምንም አላለም።

የወሩን ቁጠባዬን በብር ሳሰላው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አልሞላም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኔ ደግሞ ከታች በኩል አሥር ዋት እያገዝኩ ነው። ዕቃው ራሱ ትእዛዝ ሲጠብቅ አንድ ዋት ገደማ እንደሚበላ ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ቢሮ ስብሰባ ላይ ነኝ። ሐሳብ አቀረብኩ፣ የሰማኝ የለም። ደግሜ አቀረብኩ፣ ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ አቀረበውና ተጨበጨበለት። ንድድ ብሎኝ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ከፈትኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ቴሌቪዥኑ 95 ዋት ይበላል። በዚህ ሰዓት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አማቴ ናቸው፣ በአማርኛ የሚናገሩ ቱርኮች እያዩ ነው። ጣቴ በራሷ ሄደች። አጠፋሁት። በዓለም ላይ አንድ የሚታዘዘኝ ነገር እንዳለ ሳውቅ ልቤ እርፍ አለ።

ቤት የሆነውን በኋላ ልጄ ነው የነገረኝ።

አማቴ መብራት ሲሄድ ሥርዓት አላቸው። መጀመሪያ የፍሪጁን ስፒና ይነቅላሉ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ እንደሚመጣና ዕቃ እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። ከዚህ በፊት የነበረን ፍሪጅ ነፍሱን ይማረውና እንዲያ ነው ያለቀው። ቀጥለው ሻማና ክብሪት ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፣ በቀንም ቢሆን። ከዚያ የኮሪደሩን አምፖል ማብሪያ ይጫናሉ። መብራት ሲመጣ የሚያበስራቸው እሱ ነው። በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሩን ከፍተው፣ ወደ ደረጃው፦

«እናንተ ጋ አለ?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። «የለም» ከተባለ ሰው ሁሉ እኩል ነውና ይረጋጋል። ያን ቀን ግን ከሦስተኛ ፎቅ «አለ!» ተባለ። ከአምስተኛ «አለ!» ተባለ። ዞር ሲሉ የራሳቸው የኮሪደር አምፖልም ቦግ ብሎ በርቷል። ፍሪጁን ሰኩት፤ ማጉረምረም ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ጭጭ!

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ካርዱ አልቆ ይሆናል» አለች። አንዱ «አንደኛው ፌዝ ሄዶ ነው» አለ፣ በእርግጠኝነት። ሦስተኛዋ ቴሌቪዥኑን ትክ ብላ አይታ «የሰው ዓይን ነው፣ ትልቅ ነው እኮ» አለች። ኤሌክትሪሺያን ይጠራ ተባለ፤ ተጠራ። ቴስተሩን ግድግዳው ውስጥ ሰካ፤ በራ። ራሱን አከከ። ቆጣሪውን አየ። ብሬከሩን አውርዶ አወጣ። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን ከኋላ አቅፎ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይዤው መሄድ አለብኝ» አለ።

በዚያችው ደቂቃ ስብሰባው አልቆ ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሐጢአቴ ታወሰኝና አበራሁት።

ሰውየው እንዳቀፈው ቱርኮቹ መናገር ጀመሩ።

ማታ ስገባ አማቴ በደስታ ተቀበሉኝ። «እጁ መድኃኒት ነው ልጄ! ሳይፈታው፣ አቀፍ ሲያደርገው ብቻ!» ስምንት መቶ ብር ከፍለውታል። ምን ልበል? «እግዜር ይስጠው» አልኩ።

ችግሩ አፑ ምስጢር አይጠብቅም። በየትኛው ደቂቃ ምን እንደጠፋ፣ በምን እንደጠፋ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ልጄ በስልኬ ጌም ሊጫወት ገብቶ አገኘው። ለእናቱ አሳያት። ሚስቴ አልጮኸችም። አፑን እሷም ስልኳ ላይ ጫነችና የይለፍ ቃሉን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን በጥምር መንግሥት ይተዳደራል።

አማቴን መካስ ነበረብኝ። ከአልጋቸው አጠገብ የቆየች ራዲዮ አለቻቸው፣ ማዞሪያዋ ሁልጊዜ እስከ ጥግ ተጠምዞ የሚቀመጥ። መጥፋትና መብራቷ በስፒናዋ ነው። አመጣኋትና አራተኛው ሶኬት ላይ ሰካኋት።

«እማማ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን በራሷ ትከፈትልዎታለች።»

«በራሷ?»

«በራሷ።»

መረቁኝ። አፑ ላይ 12፡00 ብዬ ሞላሁ። ኤኤም ወይስ ፒኤም አለኝ። ጠዋት ነው፤ ኤኤም አልኩት።

የኛ ቀን ከፀሐይ ጋር ይነሣል። የፈረንጅ ቀን ከእኩለ ሌሊት ይነሣል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ይህን እኔ ስንቱን ቱሪስት ሳስረዳ ኖሬ፣ ለራሴ ዕቃ ማስረዳት አቃተኝ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ራዲዮዋ ጎረቤት እስኪደነግጥ ጮኸች። እኔ ግድግዳ እየዳበስኩ ሳሎን ስደርስና ሳጠፋት አማቴ የሉም። ነግቷል ብለው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል። የግቢው ጥበቃ ነው መልሶ ያመጣቸው። «ዛሬ ጨለማው በረታ» አሉኝ ሲገቡ። አላረምኳቸውም።

ሦስተኛው ሶኬት የሞተው በወንድሜ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ልርዳ ብሎ ተነሣና ምጣዱን እዚያ ላይ ሰካው። ዕቃው የሚችለው 10 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት መሆኑ ነው። የኛ ምጣድ ከ3,500 በላይ ይፈልጋል። ላስቲክ ሸተተ፣ ብሬከሩ ወደቀ፣ ሊጡ እንዳለ ቀረ። ወንድሜ ወደ ሶፋው ተመለሰ።

ቀጥሎ ሐዋሳ ለስልጠና ሄድኩ። ዱባይ አይደለም፣ ግን ይሁን። ሆቴል አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አፑን ከፈትኩ። «ሁሉንም አጥፋ» የምትል ትልቅ ቁልፍ አለች። ነካኋት። ሁሉም ጠፋ። ራውተሩም ጠፋ። ራውተሩ እዚያው ዕቃ ላይ ነው የተሰካው። ራውተር ከሌለ ዋይፋይ የለም። ዋይፋይ ከሌለ ዕቃው አይሰማኝም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ሆንኩ።

ለሚስቴ ደወልኩ።

«የጠፋውን አብሪልኝ።»

«ስልኬም እኮ እምቢ አለ። በምን ላብራው?»

«በእጅሽ። ጎኑ ላይ ቁልፍ አለች። እሷን ስትጫኚ ስልክ ምናምን አያስፈልግም።»

ዝም አለች። የንቀት ዝምታ መሰለኝ፤ ግድ የለም። ስልኩ ስፒከር ላይ እንደነበረና አማቴ አጠገቧ ቡና እየጠጡ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አርሴናል ይጫወታል። አንድ ለአንድ። 90ኛው ደቂቃ ላይ ኮርነር አገኘን። ኳሷ ተሻማች። ሁሉም ዘለለ፤ እኔም ዘለልኩ።

ድርግም።

ስልኬን አየሁ። ከኔ የተሰጠ ትእዛዝ የለም። የሚስቴ ስልክ ወጥ ቤት ቻርጅ ላይ ነው፣ እሷም ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እንግዲያው ሄዷል ማለት ነው። በሩን በርግጄ ወጣሁና በደረጃው ቁልቁል ጮኽኩ።

«እናንተ ጋ አለ?»

ከታች እስከ ላይ ያለው ፎቅ በሙሉ በአንድ ድምፅ መለሰልኝ፤

«ጎ...ል!»

ተመለስኩ። አማቴ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ስኒው በአንድ እጃቸው፣ በሌላው ምርኩዛቸው። የምርኩዙ ጫፍ ማከፋፈያው ቁልፍ ላይ አርፏል።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ። «እነሱ ጋ አለ እንዴ?»