ይድረስ ለክቡር ኤልኤስ (ls)፣ ባሉበት ተርሚናል

ጉዳዩ፦ ፋይሎችን በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደርን ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣው ከመጀመሪያው የዩኒክስ (የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) እትም ጀምሮ ከመንበርዎ ሳይነሡ የፋይሎችን ዝርዝር በማሳየት ያገለገሉ አንጋፋ ትእዛዝ መሆንዎን እያከበርኩ፣ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

ዝም ብዬ ስጠራዎት ፋይሎችን በስማቸው ፊደል ስለሚያሰልፉ፣ ትናንት ማታ የጻፍኩት ሰነድ ስሙ በ“ኤም” ስለጀመረ ብቻ ከሰልፉ መካከል ተሸጉጦ ያድራል። ይህን ችዬ “ቲ” የተባለችውን ፊደል አማላጅ አድርጌ ስልክብዎት በእርግጥ በጊዜ ይደረድራሉ፤ ነገር ግን አዲሱን ከላይ፣ አሮጌውን ከታች ስለሚያስቀምጡ፣ ዘጠኝ መቶ የሎግ ፋይል በተከማቸበት ፎልደር ውስጥ የምፈልገው ፋይል ሽቅብ ተፈትልኮ ከስክሪኑ ይጠፋና ከዓይኔ ሥር የሚቀረው ማንም የማይጠይቀው አሮጌ ይሆናል። ስለዚህ ሰልፉን የምትገለብጥ “አር” የተባለች ሁለተኛ አማላጅ መጨመር ግድ ይለኛል። “ኤል፣ ቲ፣ አር” የሚለውን ጣቶቼ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል።

የቀን አጻጻፍዎም ያስተዛዝባል። በ“ኤል” ዝርዝር ስጠይቅዎት ለቅርብ ጊዜ ፋይል ሰዓቱን ከነደቂቃው ይነግሩኛል፤ ስድስት ወር ካለፈው ግን ሰዓቱን ነጥቀው ዓመት ይለጥፉበታል፤ ዕድሜ የገፋ ሁሉ ሰዓት አያስፈልገውም የተባለ ይመስል። ዓመቱም የፈረንጅ ነውና፣ “2018” የሚለውን አይቼ የዘንድሮ መስሎኝ የከፈትኩት ፋይል ከአሁኑ ላፕቶፔ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

“ሲ” ስለተባለችው ደግሞ ምን ልበል? ስሟን ሰምቶ ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ትነግረኛለች ያላለ ማን አለ? እርሷ ግን የምትይዘው ይዘቱ፣ ፈቃዱ ወይም ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ሰዓት ነው፤ ልደት ጠይቄ ያገኘሁት የመታወቂያ እድሳት ቀን ነው።

ባለፈው የሰባት ዓመት ሰነዶቼን “ሲፒ” (cp) በተባለው ፋይል ገልባጭ ባልደረባዎ ወደ አዲስ ዲስክ ሳዛውር፣ የቀድሞውን ቀን የምታስጠብቀውን “ፒ”ን ረስቼ ስለነበር ሁሉም ፋይል የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደ ተወለደ ተቆጠረ። ጥፋቱ የእኔና የእርሱ መሆኑን አልክድም። ሆኖም እርስዎ ያንን የአንድ ከሰዓት ልደት፣ ደቂቃ በደቂቃ፣ ፊትዎ ሳይቀላ ደርድረው አቅርበውልኛል።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
አንድ ባለ ተርሚናል

ግልባጭ፦
የፋይልን ቀን ለሚለውጠው ለ“ተች” (touch) ትእዛዝ፤ አቤቱታው ዘግይቶ ቀረበ እንዳልባል የዚህን ደብዳቤ ቀን በሁለት ሳምንት ወደ ኋላ እንዲመልስልኝ። “ሲ” ግን እንደምታሳብቅብኝ አውቃለሁ።