ሮማኑን ምን በደላችሁት?

ያ ጀመዓ፣ «ሮማን ከዘር አይበቅልም» ማለቱን ተዉን እስኪ! ይበቅላል። የማይበቅለው በልታችሁ የተረፈውን ፍሬ ከነጭማቂው አፈር ውስጥ ወርውራችሁ ጠዋት ማታ ውሃ ስትደፉበት ነው። ያ ቀይ ሽፋን ዘሩ እንዳይነቃ ይይዘዋል፤ በዚያ ላይ ሻጋታና ጉንዳን ይጠራል። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በውሃ እሹት። ማሙለጭለጩን ትቶ ጠንካራው ዘር ብቻ ሲቀር ጥላ ላይ አንድ ሁለት ቀን አድርቁት። ይችን ለማድረግ ምን ያንገበግባል?

አፈሩስ! ከጓሮ የተዛቀ ዋልካ ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቆ «አልወጣልኝም» ብሎ ማማረር። ዋልካ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለጋ ሥር በየት በኩል ይተንፍስ? ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ፌስታሉን ከሥሩ ብሱት (ስንቱ ነው ሳይበሳ የሚዘራው!)። ዘሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር።

ወቅቱንም እዩ። ዘሩ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የቆቦና የኮምቦልቻ ሰው ይቀለዋል፤ ደሴዎች ግን በኅዳር ብርድ ዘርታችሁ ዘሩን አትርገሙ። የካቲት አጋማሽ ይለፍ፣ ማታ ማታም ቤት አስገቡት። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በየቀኑ አፈሩን እየጫሩ «ወጣ? አልወጣ?» ማለት ቡቃያውን መስበር ነው። ከወጣ በኋላ ግንዱ አፈሩ ጋ ጠቁሮ ቀጥኖ ከወደቀ ቡዳ አልበላውም፣ ውሃ በዝቶበት ፈንገስ ነው የጣለው። የላዩ አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ከዘር ያፈሉትን ችግኝ «ያ ጣፋጩ ዘር ነው» ብለው የሚሸጡት ናቸው። ከዘር የወጣ ሮማን እናቱን ላይመስል ይችላል! ለአጥርና ለአበባው ውበት ከሆነ ዘር ይበቃችኋል። ያንኑ ፍሬ ካማራችሁ ግን የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ከእናትየው ወስዳችሁ ትከሉ። ከዘር የመጣው ለማፍራት ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል።

ደግሞ አበባው ረገፈ ብላችሁ መጥረቢያ የምታነሱ! ሮማን ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ከሥሩ እንደ እንስራ ያበጠው ያፈራል፤ ከሥሩ የሾጠጠው ወንዴ ስለሆነ ብታጠጡትም ባታጠጡትም ይረግፋል። ያበጠውም አብሮ ከረገፈ ያኔ ውሃችሁን፣ ፀሐዩን፣ ቅጠል ብቻ የሚያበዛውን ዩሪያችሁን ጠርጥሩ።