የድሬዳዋው ጥናት በአማርኛ ይነበብ

ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቪንሰንት ራካኒዬሎና ዲክሰን ዴስፖሚየር እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ቫይረሶች የሚያወራ ሳምንታዊ ፖድካስት (በኢንተርኔት የሚደመጥ ዝግጅት) ጀመሩ። በዝግጅቱ አዲስ የወጣ ጥናት ይነሳና ሥዕሉና ሠንጠረዡ አንድ በአንድ ይፍታታል፤ አጥኚው ራሱ የሚጋበዝበት ጊዜም አለ። አድማጭ ውጤቱ እንዴት እንደተገኘ ጭምር ይሰማል። እኛ ዘንድ በሬዲዮ ሐኪም ይጋበዛል፣ አድማጭ ይደውላል፤ ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ይባልና ይታለፋል። የትኛው ጥናት? ስንት ሰው ላይ? ሰው ላይ ነው ወይስ አይጥ ላይ?

የሚያስቆጨው ደግሞ የራሳችን ጥናት በአማርኛ ሳይብራራ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ስለተነሳው የወባ ወረርሽኝ በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሕክምና ምርምር መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት እንውሰድ። አጥኚዎቹ የወባ ሕመምተኞችን ቤት ብቻ አላሰሱም። ትኩሳት ኖሯቸው ወባ ያልተገኘባቸውን ሰዎች ቤትም አሰሱ። ለምን? አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ከተማውን ሁሉ ሞልታው ከሆነ፣ በሕመምተኛ ቤት መገኘቷ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ግን ወባው ትንኟ ባለችበት አካባቢ ተሰባስቦ ተገኘ፤ በትንኞቹ ውስጥም ወደ ሰው የሚተላለፈው የወባ ተህዋስ ታየ። አንድ ሰዓት ሙሉ መወራት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ትንኟ በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውኃ ስለምትራባ ክረምትን አትጠብቅም። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ተህዋሲያን ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ጠፍቶባቸዋል፤ በሽተኛው ታሞ እያለ ወባ መኖሩን የሚያሳየው መስመር በመመርመሪያው ላይ ላይወጣ ይችላል። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቋንቋዋ ልትሰማው ይገባል።

እንዲህ ያለ ፖድካስት በአማርኛ ማዘጋጀት ለሁለት ሰው አይከብድም፤ አንዱ ውጭ ሀገር፣ አንዱ ሀገር ቤት ቢሆን መልካም ነው። በሳምንት አንድ ጥናት ይበቃል። መጀመሪያ ሥዕሎቹና የአጠናኑ ዘዴ ይነበቡ፤ አጽሕሮቱ፣ ማለትም ጥናቱ መግቢያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ፣ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ቀድሞ ከተነበበ የአጥኚውን ድምዳሜ አስቀድሞ ያስይዛል። ጽሑፉ በክፍያ የተዘጋ ከሆነ የደራሲው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ፊተኛው ገጽ ላይ አለ፤ ቅጂ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንደ ሜድአርካይቭ ካለ ድረ ገጽ የተወሰደ ከሆነ ገና በባለሙያ ያልተገመገመ መሆኑ ገና ከመግቢያው ይነገር።

ቁጥር ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «አደጋው በ50 በመቶ ጨመረ» ማለት ከ1,000 ሰው 2 የነበረው 3 ሆነ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ይነገሩ። የሙያ ቃላት በአማርኛ ምን እንደሚባሉም ከቀረጻ በፊት ይወሰን። «የቁጥጥር ቡድን» ሲባል አድማጭ ፖሊስ ይመስለዋል፤ «ማነጻጸሪያ» ይሻላል።

ሁለቱ የሚነጋገሩበትን የኢንተርኔት ጥሪ ራሱን መቅረጽ ደግሞ ድምፅ ያቆራርጣል። ሁለቱም በየስልካቸው ይቅረጹ፣ ሲጀምሩ አንዴ ያጨብጭቡ፣ ኋላ ፋይሎቹ በጭብጨባው ድምፅ ይገጣጠማሉ። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባልና መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ይመረጥ።

የመጀመሪያው ዝግጅት እንግዳ ከድሬዳዋው ጥናት አጥኚዎች አንዱ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጥያቄም ይህ ይሁን፦ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት በርሜሉን በምን ይክደን?