መጀመሪያ ምርመራው፣ ከዚያ ክልከላው

ሆዱ የሚነፋ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስቀምጠውና ክብደት አልጨምር ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ምክር አይጠፋም። ጎረቤት ወተት አቁሚበት ትላለች፤ አክስት እንቁላሉ ነው ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣው ሁሉንም በልጧል፦ «ስንዴ ከልክይው፣ ጤፍ ብቻ ስጪው»።

ምክሩ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ሴሊያክ በሚባለው ሕመም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሰውነትን መከላከያ በራሱ አንጀት ላይ ያስነሣል። ምግብ የሚመጠጥበት የትንሹ አንጀት ገጽ ይጎዳል፤ ልጁ እየበላ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ዕድገቱም ይጓተታል። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

ቅሬታዬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሴሊያክን የሚጠቁመው የደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት በዚህ ጥቃት ወቅት የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ስንዴው አስቀድሞ ከቆመ እነዚህ እየቀነሱ ይሄዱና ውጤቱ «የለበትም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ልጁ ለሳምንታት ዳቦ በልቶ እንዲመለስ ሊያዝ ነው። ልጄ ገና ተሻለው ያለች እናት እሺ ትላለች? በዚያ ላይ ጃርዲያም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ እርሱ ግን በሰገራ ምርመራ ተገኝቶ በመድኃኒት ይድናል። ከተቅማጥ በኋላ ወተት አልስማማ ማለቱም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ሲባል ሕፃንን ዓመት ሙሉ ወተት መንሳት ግፍ ነው።

በግምት መከልከል ሐኪሞችንም አታልሏል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሲድኒ ሃስ ሴሊያክ የያዛቸው ሕፃናት ሙዝ በሚበዛበት ምግብ ሲያገግሙ አየ፤ ሙዙም መድኃኒት ተባለ። ዳቦም ተከልክሎ ነበር፤ የረዳቸው ግን የዳቦው ከገበታ መቅረት መሆኑን አላስተዋለም። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን ያሳየው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው፤ ጥናቱንም በ1950 አቀረበ።

ምርመራው ሴሊያክ ነው ካለ ደግሞ «እኛ ጤፍ አለን» ብሎ መዝናናት አያዋጣም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እንጀራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጤፍ ሲወደድ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሩዝ ይቀየጥበታል። በዋሽንግተን አካባቢ በየመደብሩ የሚሸጠውም ቢሆን ብዙው ቅይጥ ነው። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ እዩ፦ ከፊት የቆመችው ሴት ስንዴዋን አስፈጭታ ስትጨርስ የእናንተ ጤፍ እዚያው ድንጋይ ላይ ይፈስሳል፤ መጀመሪያ የሚወርደው እፍኝ ዱቄት ከእርሷ ስንዴ ጋር የተደባለቀ ነው። እርሾውም ካለፈው ቅይጥ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል። በብዙ አገሮች አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም፤ ያቺ እፍኝ ይህን ልክ በቀላሉ ታልፋለች። በሶው፣ የገብስ ቆሎው፣ አያት «ትንሽ ምን ታደርገዋለች» ብለው ደብቀው የሚያጎርሱት ድፎ ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ እንዲህ ላለው ልጅ ጤፉ በእህሉ ተገዝቶ ይለቀም፤ ስንዴና ገብስ በማይገባበት ወፍጮ ይፈጭ፤ እርሾውም ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ ይጣል። ታሽጎ የሚሸጥ እንጀራ ላይ ምን እንደተቀየጠበት እንዲጻፍ ማስገደድ ግን የእናት ሥራ አይደለም፤ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው።