ቤታቸው ሃይሩፍ፣ ጓሯቸው ወሎ

እኛ ወሎዬዎች እንግዳ ወዳድ ነን ይባላል። ይህን የሰሙ አንዳንድ የአዲስ አበባ ሰዎች እንዳያስቸግሩን ብለው ከሰሞኑ ቤታቸውን ጭነው መምጣት ጀምረዋል። ሃይሩፍ የሚሉትን ሚኒባስ ወንበር ነቅለው ፍራሽ ያነጥፋሉ፤ ከፍራሹ አጠገብ ቡታጋዝ፣ ከቡታጋዙ አጠገብ ጀሪካን፣ ከዚያ ላይ ሁለት ሕፃናት፣ ከሕፃናቱ ላይ ደግሞ ቡቺ የሚባል ውሻ። ኖኅ ይህን ለሚያህል ጓዝ መርከብ መሥራት አስፈልጎት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል የቆሻሻ ከረጢት ብቻ የለም። የተረሳ እንዳይመስላችሁ፤ ታስቦበት ነው። ቤቱ በጎማ የሚሄድ ከሆነ ጓሮውም አብሮት መሄድ አለበት፤ ጓሮ ማለት ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ነው። ጣርማበር ዋሻን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የቆሎው ፌስታል፣ ሸዋ ሮቢት የሙዙ ልጣጭ፣ ከሚሴ የጁሱ ካርቶን ይወጣል። ወሎ ሲገቡ፣ ሐርቡ ላይ፣ ለእኛ ብለው ያቆዩት ይመጣል፦ ዳይፐር። ዳይፐር ቶሎ አይበሰብስም፣ የልጅ ልጆቻችንም ያዩታል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል አጽፈው አለፉ፤ የዘመኑም ሰው በበኩሉ የአቅሙን ያህል ቅርስ ቢተው ምን ይገርማል?

ስለ ፌስታል ሕግ አለ የምትሉ ጨቅጫቆች አትጠፉም። እውነት ነው፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513፣ በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ከ0.03 ሚሊሜትር የቀጠነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ግን እናንተስ፣ በመስኮት የሚበር ፌስታል ውፍረቱ ስንት እንደሆነ ወርዳችሁ ለካችሁ? የቃሉ ወረዳ ላሞች እንኳ ሳይለኩ ነው የሚበሉት። በኋላ ሲታረዱ ከሆዳቸው ተጠቅልሎ ሲወጣ ባለ ቢላው ይለካዋል።

ልግስናቸውን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የመንገድ ዳር ልጆቻችን መኪና ባዩ ቁጥር “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” እያሉ እንደሚሮጡ ታውቃላችሁ። ሌላው ሹፌር ዝም ብሎ ያልፋል፤ ባለ ሃይሩፉ ግን ሩኅሩኅ ስለሆነ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ባዶውን ጠርሙስ ይወረውርላቸዋል። ጠርሙሱ ከአስፋልቱ ማዶ ያርፋል። ልጁ ለማንሣት ይሻገራል። ከኋላ ሲኖትራክ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ሰውዬው እንደሆነ ሰጥቷል።

ሐረጎ ዳገት ላይ የሚታየው የአባት ፍቅር ደግሞ የተለየ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ቅያሱም ጥምዝምዙም የሚበዛው እዚያው ነው። አባት ታዲያ የሦስት ዓመት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዘዋል። እናት ከጎን ለቲክቶክ ትቀርጻለች፣ ቡቺ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለሚወርደው ባስ ይጮኻል። ቀበቶ የታሰረው ቡታጋዙ ብቻ ነው፤ እሱ ውድ ነው። “ሲጋጭ መሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ነው የሚፈነዳው፣ ልጁ ደግሞ በሱና ባንተ ደረት መሃል ነው ያለው” ብሎ የሚመክር ቢገኝ፣ “ወንድሜ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው” የሚል መልስ ተዘጋጅቶለታል። ሲኖትራኩም ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ተማምኖ ነው።

በመጨረሻ ሐይቅ ይደርሱና ውኃው አፋፍ ላይ ይቆማሉ። አገር ሰላም ማለት የድሮ ሰው ጣጣ ስለሆነ ሰላምታ የለም። አንዲት የአካባቢው እናት ግን ሕፃናቱን አይተው ሆዳቸው አልችል ይላል።

“ምነው ልጆቼ፣ ጠብ ነው ወይስ ኪራይ ተጨመረባችሁ?”

“ኧረ አይደለም ማዘር፣ ተፈጥሮ ፈልገን ነው።”

“ሕፃን ይዞ መኪና ውስጥ ማደር! አብሽሩ፣ ግቡ እንጂ፣ አቦሉ ሊወርድ ነው።”

“ቡናው ይቅርብን ማዘር። ስልክ ቻርጅ የምናደርግበት ሶኬት ካለ ግን…”

ሶኬት አለ። እናታችን ቶናውን አልፈው በረካው ሲደርስ ስልኩም መቶ ይሞላል። ያን ጊዜ ተፈጥሮ ወዳዱ ቤተሰብ ድስቱንና የሕፃኑን ልብስ ይዞ ውኃው ዳር ወርዶ በኦሞ ያጥባል። እዚህ ላይ አስተዋይነታቸው ልብ ይባልልኝ፦ የእኛ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የሰጡትን ኦሞ ወደ ሌላ አገር አያሻግርባቸውም፤ ለሚቀጥለው ዓመት አደራውን ይዞ ይጠብቃቸዋል። በነጋታው እዚያው ቁጭ ብለው የሐይቅ ዓሣ ያዝዛሉ፣ “ጣዕሙ ልዩ ነው” ይላሉ። አዎ፣ መዓዛም አለው።

ቡቺን አትርሱብኝ። ቡቺ ከቤተሰቡ ሁሉ ቶሎ ወሎዬ የሆነ እሱ ነው፤ ሃይማኖት አይለይም። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ዞሮ እግሩን ያነሣል፣ ለዙሁር ሰዎች ውዱእ ከሚያደርጉበት ቧንቧ ምላሱን ያስገባል። ቄሱም ሼኹም አንድ ላይ ሲያባርሩት ላየ ሰው፣ የወሎን መቻቻል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ባለቤቱ “አይናከስም” ይላል፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያልተባለለት ውሻ ታይቶ አይታወቅም።

ከሐይቅ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ቦታ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ የሆነው ቀይ ቀበሮ። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። “ቡቺ ተከትቧል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ግን የእንግዳ ክብር መንካት ይሆናል። ቀበሮው ተራራው ላይ ከሚሰለች አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ቢተዋወቅ ምን ይጎዳል? ፎቶም ይነሣሉ።

እንግዲህ ታኅሣሥ 29 ለገና ላሊበላ የሚመጡት ሃይሩፎች እንደ ልማዳቸው በእኛ በኩል ማለፋቸው አይቀርም። ጓሮውን ጠርገን እንጠብቃለን። አንዲት ልመና ብቻ ነው ያለችን፦ ዳይፐሩን ሐርቡ ላይ ሲወረውሩ ወደ ግራ ያድርጉልን። በቀኝ በኩል ገበያ የሚቀመጡት አሮጊቶች ናቸው፣ ለመቅለብ እጃቸው አይፈጥንም።